አጭር ካሶኒ፣ ረጅም ይሉኝታ

ከሲያትል ተመልሼ አዳማ የገባሁ ዕለት ጎረቤቶቼ ቤቴን ሞልተው ጠበቁኝ። "ያንን በአንድ እግሩ የቆመውን ግንብ አየሽው?" አለችኝ አንዷ። አዎ፣ አየሁት፤ ከመኪና መስኮት፣ በሩቁ፣ ወንድሜ መንገድ ስቶ ሲዞር። በደንብ ያየሁት ግን የአንድ ፒካፕ ካሶኒ ነው። ይህን ስላቸው ሳቁብኝ። አሜሪካ ድረስ ሄዶ የመኪና ጀርባ አይቶ የመጣ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ ግን ስሙኝ፤ እኔም የለኝም።

የተነሳሁት ነሐሴ ሲገባ፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘ ማግስት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሞጆ ላይ መንገዱ ጎርፍ ሆኖ ነበር፤ አውሮፕላን ያመልጠኛል ብዬ ቦሌ እስክደርስ ነፍስ አልነበረኝም። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ለወንድሜ ልጅ ቀሚስ፣ ለጋሽ ግርማ ደግሞ አንድ ጋቢ ይዣለሁ። ጋሽ ግርማ ማለት ለቤተሰባችን እንዲህ ናቸው፦ ወንድሜ ሙሉጌታ ሲያትል ሲገባ የሚያውቀው ሰው አልነበረውም። ምድር ቤታቸውን ለቀውለት፣ መኪና መንዳት አስተምረው፣ ሥራ አስገብተው ሰው ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እናታችን እስክታርፍ ድረስ አይታቸው የማታውቀውን ሰው ስም በየጸሎቷ ትጠራ ነበር። ስለዚህ ጋቢውን የመረጥኩት ሦስት ገበያ ዞሬ ነው።

አውሮፕላኑ ላይ አስተናጋጇ ዶሮ አቀረበችልኝ። ጿሚ ነኝ አልኳት። ገብቷታል መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ዶሮውን አነሳችና ዓሣ አመጣችልኝ። ዳቦዬን በልቼ ተኛሁ።

ዓርብ ከሰዓት ደረስኩ። ሙሉጌታ ወፍሯል። ባለቤቱ ጽጌ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ልጃቸው ቤቴል ከእናቷ ጀርባ ሆና "ሃይ" አለችኝ። ሲያትል ዝናብ ነው እያላችሁ ያስፈራራችሁኝ ሁሉ ይቅር ይበላችሁ፤ ነሐሴ ላይ ሰማዩ እንደኛ መስከረም ነው። ያመጣሁት ጃንጥላ እንደታሰረ ሄዶ እንደታሰረ ተመልሷል።

ቤታቸው ቡሪየን ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፈ በኋላ ሰው ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። እኔ በየጊዜው ቀና እላለሁ፣ እነሱ ግን እንጀራቸውን ይቆርሳሉ። ደጃቸው ላይ ጎማ ያለው ነጭ ቤት ቆሞ አየሁ።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አልኩ።

"ቤት አይደለም እትዬ፣ ትሬይለር ነው። ነገ አሳይሻለሁ" አለኝ ሙሉጌታ፤ ድምፁ ውስጥ ኩራትም ጭንቀትም ሰማሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አስገብቶ አሳየኝ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃ ቤት ሳይቀር አለው። የፈለገችው ጽጌ ናት። "ባለፈው ፍልሰታ ቫኬሽን ወጥተን መንገድ ላይ የጾም ምግብ ጠፍቶ ቤቴል የተጠበሰ ድንች ብቻ በልታ ተመለሰች። አሁን ሽሮዬን ይዤ ነው የምሄደው" አለችኝ። ዕቅዳቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራራውን ተሻግረው ኮሎምቢያ የሚባል ወንዝ ዳር ማደር ነው፤ እኔንም ይዘው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የተሳቢ ሹፌር ነበር። እኔ ከሙያው የማውቀው የልብሱን አቧራ ማጠብ ቢሆንም ሙሉጌታ "አንቺ ይገባሻል" እያለ ያስረዳኝ ጀመር። በእኛ አገር ተሳቢ ከኋላ በጋንቾ ተይዞ ይጎተታል። ይሄኛው ግን አፍንጫው ከፍ ብሎ ከካሶኒው በላይ ይገባና ካሶኒው መካከል በተተከለ ከባድ ብረት ላይ ይቀመጣል። ብረቱን "ሂች" ይሉታል። እንደገባኝ የኛው ተሳቢ እጁን ተይዞ የሚሄድ ልጅ ነው፤ ይሄኛው የታዘለ ልጅ ነው።

ችግሩ የሙሉጌታ ካሶኒ አጭር መሆኑ ነው። መኪናውን ሲገዛ የኋላ ወንበር ያለው ሰፊ ጋቢና ፈለገ፤ ጋቢናው ሲረዝም ካሶኒው አጠረ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምንም አይደለም። ጠበቅ ያለ መታጠፊያ ሲመጣ ግን የተሳቢው አፍንጫ ጥግ ዞሮ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሊመታ ይችላል፤ የታዘለ ልጅ ራሱን ሲወረውር የእናቱን ማጅራት እንደሚመታው። ከዚያ መስታወት ሥር ደግሞ የምትቀመጠው ቤቴል ናት።

ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ገልጦ አንድ ብረት አሳየኝ። ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብቷል፤ ብሎኖቹ እንኳ ዘይት ተቀብተዋል።

"የጋሽ ግርማ ነው። እሳቸው ረጅም ካሶኒ ነበራቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ መኪናውንም ትሬይለሩንም ሸጡ። ይሄን ግን ለኔ ብለው ቀለም ቀብተው ሰጡኝ" አለኝ።

"ላንተ መኪና ይሆናል?"

"አይመስለኝም። ሶ… ይሄኛው ቦታው ላይ ድርቅ ብሎ የሚቀር ነው።"

"ታዲያ ነገርካቸው?"

"እንዴት ብዬ እትዬ?" አለኝ። ጨርቁን መልሶ አለበሰው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ግርማን አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራባት የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋቢውን ስሰጣቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተከናነቡት። ሰው ሁሉ በሸሚዝ ነው፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ሲል አያለሁ፤ እሳቸው ግን ጸበል ጻድቁ እስኪቀመስ፣ ስብከተ ወንጌሉ እስኪያልቅ ድረስ አላወለቁትም።

"ሙሌ፣ ሂቹን አሰርከው?" አሉት።

"ነገ ዛሬ እያልኩ ነው ጋሽ ግርማ። ሥራ ቢዚ አድርጎኝ…"

"ብቻህን እንዳትነካካው። ረቡዕ ኦፍ ነህ አይደል? ዕቃዬን ይዤ መጥቼ አብረን እናስረዋለን።"

"በጣም ግሩም ነው! እግዜር ይስጥልኝ" አለ ወንድሜ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይሄን።

ሰኞ ሙሉጌታ ከሥራ ሲወጣ ሶዶ ወደሚባለው የመጋዘን ሰፈር ሄድን። ባቡር መንገዱን ዘግቶብን ቆመን ቆመን፣ ፉርጎው አላልቅ ብሎ ሙሉጌታ ሞተር አጠፋ። የሄድንበት ሱቅ ከተሳቢና ከብረት በቀር ሌላ የለውም። ባለ ሱቁ ሆዱ የገፋ፣ ነጭ ጺማም ሰው ነው። እኔን ቆሜ ሲያየኝ የራሱን ወንበር ከጠረጴዛው ኋላ ጎትቶ አመጣልኝ፤ ከዚያ በወረቀት ኩባያ ቡና ጨመረልኝ። ቡናው ቡና አይባልም፤ ወንበሩ ግን ከልቡ ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ ብዬ ጠጣሁት።

በሙሉጌታ አስተርጓሚነት የነገረን ይህ ነው። ሂች በየዓይነቱ ነው። አንዱ የማይነቃነቅ ነው፤ እሱ ለረጅም ካሶኒ ነው። ሌላው ተንሸራታች ነው፤ ሹፌሩ ከመታጠፉ በፊት ወርዶ እጀታ ይስብና ብረቱን ወደ ኋላ ይለቀዋል፣ ሲጨርስ ይመልሰዋል። ሌላው ደግሞ ሹፌሩን አይጠይቅም፤ መኪናው ሲታጠፍ ራሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሲቃና ይመለሳል።

"ለምን ታዲያ የማይነቃነቀውን ከመጀመሪያው ወደ ኋላ አርቀን አንተክለውም?" አልኩ።

ባለ ሱቁ ጥያቄዬ ሲተረጎምለት ወደ እኔ ዞረ። ክብደቱ የኋላው ጎማ ላይ ማረፍ አለበት፤ ወደ ኋላ ካለፈ የመኪናው ፊት ይቀልና መሪው አይታዘዝም አለ።

"በቃ ገባኝ። ዝቅ ተደርጎ የታዘለ ልጅ እናቱን ወደ ኋላ ይስባታል" አልኩት ሙሉጌታን። ሲተረጉምለት ሰውዬው ሳቀና ጓሮ ያለውን ሠራተኛ ጠርቶ ነገረው።

ከዚያ ለክቶ አሳየን። ከተሳቢው አፍንጫ ሥር ብረቱ ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ፒን አለ። ከፒኑ እስከ አፍንጫው ጥግ ያለው ርቀት፣ ካሶኒው ላይ ከሂቹ እስከ ጋቢናው ካለው ርቀት ከበለጠ፣ "መለዋወጫ መስታወት ግዙ" አለ። ጽጌ ጋ ደውለን የትኛውን እንውሰድ ብንላት "ሙሌ ምሳ ዕቃውን ሥራ ቦታ ረስቶ የሚመጣ ሰው ነው። ወርዶ እጀታ ሊስብ? ራሱ የሚንሸራተተውን ግዙ!" አለች። አዘዝነው፤ ሐሙስ ያስሩልናል ተባለ።

ስንመለስ "ጋሽ ግርማስ?" አልኩት።

"አስቤበታለሁ። ረቡዕ የሳቸውን እናስራለን። ደስ ይላቸዋል። ሐሙስ እንፈታዋለን።"

"ሲያዩትስ?"

የሆነ የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም "እትዬ፣ አንቺ ብትነግሪያቸውስ? አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ትሄጃለሽ" አለኝ።

"ውቅያኖስ ያሻገርከኝ ስጦታ እንድመልስልህ ነው?" ብዬ ጮህኩበት። ተናደድኩ፤ ግማሹ ንዴቴ ግን እኔም ስለማልደፍር ነበር። እናቴ በጸሎቷ ትጠራው የነበረውን ሰው "ስጦታዎ አይረባም" ልል? እስከ ቤት ድረስ በየመስኮታችን እያየን ሄድን።

ማክሰኞ ከጽጌ ጋር ዋይት ሴንተር ወደሚባል ሰፈር ለስንቅ ወጣን። እዚያ ከየአገሩ የመጣ ሰው ትንሽ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል፤ ምስሩን ከአንዱ፣ ጎመኑን ከሌላው ስንገዛ ዋልን። እኔ ሚጥሚጣ መስሎኝ አንድ ቀይ ዱቄት ቀምሼ ጣፋጭ ሆነብኝ፤ ባለ ሱቋ ሳቀችና በነጻ ሰጠችኝ። ማታ ቤቴል እጄን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ። ከአማርኛዋ ጋር እየታገለች የምትቀመጥበትን አሳየችኝ። ወንበሩ ራስጌ ላይ ቢራቢሮ ለጥፋበታለች፤ ረጅም መንገድ ላይ ራሷን እዚያ አስደግፋ ትተኛለች። ከራስጌው ኋላ ያለውን መስታወት በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው። ያን ጊዜ ለመናገር ቆረጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ግርማ በቱታ፣ የዕቃ ሣጥናቸውን ይዘው፣ ጓንት ሳይቀር አጥልቀው መጡ። እንዲህ ፊታቸው በርቶ አላየኋቸውም ነበር። ሙሉጌታ ሰላም ብሏቸው መሬት መሬት ያያል። እኔ ለቤተ ክርስቲያን የምታጠቀውን መቀነት ይዤ ወጣሁ።

"ጋሽ ግርማ፣ ከማሰርዎ በፊት አንድ ነገር ያግዙኝ" አልኳቸው።

የመቀነቱን ጫፍ የተሳቢው ፒን ላይ ያዙልኝ። እኔ ወጥሬ እስከ አፍንጫው ጥግ ወሰድኩና እዚያ ቋጠርኩት። ከዚያ ወደ መኪናው ሄድን። ሙሉጌታ ካሶኒው ላይ ወጥቶ ሂቹ የሚተከልበት ቦታ ላይ ጫፉን ያዘ። እኔ ወደ ጋቢናው ወጠርኩ። መስታወቱ መካከሉ የሚከፈት ነው፤ ከፍተነው ነበር። ቋጠሮው መስታወቱ ጋ አልቆመም። በመስኮቱ አልፎ ገብቶ ቢራቢሮዋ ላይ አረፈ።

"ኦ! ማይ ሲት!" አለች ጋቢናው ውስጥ የነበረችው ቤቴል፣ ወንበሯ መሆኑን ለማሳየት እየጠቆመች።

አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ጋሽ ግርማ ጓንታቸውን አውልቀው ቋጠሮውን በጣታቸው ያዙት።

"ሙሌ፣ ታውቅ ነበር?" አሉ ቀስ ብለው።

"ይቅርታ ጋሽ ግርማ። እንዴት ብዬ… እርስዎ ለኔ ያደረጉት…"

"ይሄ ብረት ካንተ በፊት ሦስት ቤት ገብቶ ወጥቷል" አሉ። "አንዱ ተቀብሎኝ፣ ሰንብቶ 'ወገቤን አመመኝ፣ መንገድ አልችልም' ብሎ መለሰልኝ። አንዱ 'ትሬይለሩን ልሸጠው ነው' አለኝ፤ እስከ ዛሬ ደጁ ቆሟል። አንዱ ጭራሽ እኔ በሌለሁበት ጋራዤ በር ላይ አስቀምጦት ሄደ። የኔ ካሶኒ ረጅም ስለነበር መለካት የሚባል ነገር አላሰብኩም። እኔ ያሰብኩት ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሰው ከእጄ መቀበል ጠላ ብዬ ነው። እና ቀለም ቀባሁት።"

"የሦስቱም ካሶኒ አጭር ነው እንዴ?" አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

አሰቡ። "ሦስቱም" አሉ።

ዝም አይነቅዝም ይላል የኛ ሰው። እኔ ያን ዕለት ነቅዞ አየሁት። አፈርኩ፤ ለሙሉጌታም፣ ለማላውቃቸው ለሦስቱም፣ ሰኞ መኪና ውስጥ ለጮህኩት ለራሴም አፈርኩ። ሁላችንም ሰውዬውን ላለማስቀየም ብለን ነው ያስቀየምናቸው።

"ብረቱ አልሆነንም ጋሽ ግርማ" አልኳቸው። "እርስዎ ግን ይሆኑናል። ቅዳሜ አብረውን ይሂዱ።"

"ቦታ አለ?"

ቤቴል ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገች። ጋሽ ግርማ አዩዋትና ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲህ እውነት ከተነጋገርን፣ ያ ጋቢ ለሲያትል ነሐሴ አይሆንም። እሁድ በላብ ልሞት ነበር" አሉኝ። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ሳቅኩ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ሶዶ አብረውን መጡ። ባለ ሱቁን በጥያቄ አደከሙት፤ እሱም ለእኔ እንዳደረገው ወንበር አመጣላቸው። አዲሱ ሂች ታስሮ ካለቀ በኋላ ሙሉጌታ ተሳቢውን ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ እስኪበቃው ድረስ ጠመዘዘው። ብረቱ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አፍንጫው ከመስታወቱ ስንዝር ያህል ርቆ ዞረ። ጋሽ ግርማ መኪናው እንደታጠፈ አስቁመው እጃቸውን ዘርግተው በስንዝር ለኩት። ያን የተቀባ ብረታቸውን ደግሞ ባለ ሱቁ ረጅም ካሶኒ ላለው ደንበኛ እሰጠዋለሁ ብሎ ተቀበላቸው፤ ቀለሙን አይቶ አደነቀ።

ዓርብ ስንቅ ስናሰናዳ ዋልን።

ቅዳሜ በጠዋት ተነሳን። እኔ ከኋላ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ሲሄድ ሰው ትሬይለሩ ውስጥ መቀመጥ በሕግ አይቻልም ተባልኩ። እንዲህ ያለ አልጋ ይዞ ተቀምጦ መሄድ! ከቡሪየን ሰፈር ስንወጣ የመጀመሪያው መታጠፊያ መጣ። ከኋላችን ብረቱ ጓ ብሎ ተንሸራተተ። ሁላችንም ዞርን። ጋሽ ግርማ መዳፋቸውን በቤቴል ራስና በመስታወቱ መካከል አድርገዋል፤ መንገዱ እስኪቃና አላነሱትም።

ተራራው ላይ እንጦጦን የሚያስንቅ ጫካ ነው። ከተራራው ማዶ ግን ዛፍ አልቆ፣ ሣሩ ቢጫ ሆኖ፣ መተሐራ የደረስኩ መሰለኝ። ሙቀቱም የመተሐራ ነው። እንዲያውም ወንዙን ሳይ ቤቴ የተቃረብኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ውሃው ሰፊ ነው፣ ድምፅ የለውም። ዛፍ ጥላ ሥር ቆምን።

ምሳውን ጋሽ ግርማ እኔ ነኝ የምሠራው አሉ። ማንም እንዳይገባ ብለው ትሬይለሩ ውስጥ ብቻቸውን ሽሮ ሲያማስሉ በመስኮት እናያቸዋለን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ለሰው ምግብ ሠርተው እንደማያውቁ ጽጌ በጆሮዬ ነገረችኝ። አቀረቡና ከፊታችን ቆሙ።

"እንዴት ነው?" አሉ።

አንድ ጊዜ ጎረስን። ሙሉጌታ ጽጌን አየ፣ ጽጌ ወንዙን አየች። ቤቴል ውሃዋን አንስታ ጠጣች። ሁሉም ዓይን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ፤ እንግዳ ነኝ፣ እሄዳለሁ።

"ጨው በዝቶበታል ጋሽ ግርማ" አልኩ።

ድስቱን አንስተው ገቡ፤ ውሃ ሲጨምሩ፣ ሲያማስሉ ሰማን። ተመልሰው ወጡና ለእኔ ብቻ በማንኪያ ጨለፉልኝ።

"አሁንስ?" አሉኝ።